«ኔትወርክ ነው» ማለት መልስ አይደለም

የእሑድ ማታ ራት ተበልቶ፥ ቡናው ተጠጥቶ፥ ቤተ ሰቡ በቴሌቪዥኑ ፊት ከተሰበሰበ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠበቅ የነበረው ፊልም ይከፈታል። ዐሥር ደቂቃ ያህል በደኅና ከሄደ በኋላ ሥዕሉ ቀጥ ይላል፤ በመስተዋቱም መካከል አንዲት ትንሽ ክብ ብቅ ብላ መዞር ትጀምራለች። ይናገር የነበረውም ሰው አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባት «ይኸ ኔትወርክ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ፤ ታናሽ ወንድም «ቴሌቪዥኑ አርጅቷል» ይላል፤ እኅት ደግሞ «ፓኬጁ ከፍ ይበል ብዬ አልነበረም?» ትላለች። ሦስቱም ፈራጆች ሆነዋል እንጂ አንዳቸውም መርማሪ አልሆኑም።

በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህች ክብ ልንነጋገር የፈለግነው፥ ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም ሁለት ከባድ ነገሮችን የያዘ ስለ ሆነ ነው። አንደኛው የቤተ ሰብ ገንዘብ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ መፍትሔ ሲገዛ ገንዘቡ ይወጣል፥ ችግሩ ግን ከቤት አይወጣም። ሁለተኛው የአስተሳሰብ ልማድ ነው። በቤቱ ሳይመረምር የሚፈርድ ወጣት በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ በድንገት መርማሪ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ወላጆቻችን እንደሚነግሩን፥ በዚያ በአንቴናው ዘመን ሥዕሉ ሲበላሽ አንድ ጐበዝ ጣራ ላይ ይወጣ ነበር። ሌላው በመስኮት ብቅ ይላል፤ ሦስተኛው በቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል። ጣራ ላይ ያለው አንቴናውን ጥቂት ዞር አድርጎ «መጣ?» ይላል፤ የቤቱ ሰው «አልመጣም!» ይላል፤ የመስኮቱ ሰው ቃሉን ያቀብላል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ እውነተኛ የምርመራ ሥርዓት ነበረ፤ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፥ ውጤቱ ይታያል፥ ከዚያ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዛሬ አንቴናውን የሚተካው ነገር ለዐይን የማይታይ ስለ ሆነ፥ ያንን ሥርዓት ትተን በግምት መናገር ጀምረናል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በፈለግነው ሰዓት ከፍተን የምናየው ፊልም እንደ ቀድሞው ስርጭት ከአንድ ማማ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚረጭ አይደለም። እያንዳንዱ ፊልም በሩቅ በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ በሚፈጁ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ቴሌቪዥናችን ቁርጥራጮቹን ተራ በተራ እየጠራ ያመጣል፤ ያመጣውንም ወዲያው አያሳየንም፤ ጥቂት አስቀድሞ ያከማቻል። ይህ ማከማቻ በየቤታችን ጣራ ላይ ካለው ሮቶ ጋር ይመሳሰላል። የቧንቧ ውሃ አንዳንድ ጊዜ ቢቀጥንም ሮቶው ሙሉ እስከ ሆነ ድረስ በቤት ውስጥ ያለው ሰው አያውቅም። ከቧንቧው የሚገባው ከምንቀዳው ካነሰና ጊዜው ከረዘመ ግን ሮቶው ባዶ ይቀራል። ያቺ የምትዞረው ክብ «ሮቶው አልቋል፤ እስኪሞላ ጠብቁ» ማለቷ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያ በደኅና ሄዶ በኋላ የሚቆምበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ፊልም በአንድ ዓይነት ጥራት ብቻ አይቀመጥም፤ ደብዛዛውም፥ መካከለኛውም፥ እጅግ የጠራውም በየመልኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ ያለፈው ቁራጭ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ደረሰው አይቶ የሚቀጥለውን ይመርጣል። ስለዚህ ሥዕሉ አልፎ አልፎ ቢደበዝዝ ብልሽት ነው ማለት አይደለም፤ መንገዱ እንደ ጠበበ ዐውቆ ሸክሙን ማቅለሉ ነው። በእጃችን ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ብናደርግለት ለዚያች ማታ የሚበቃ ዕርዳታ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ፤ ያለ ቁጥር የሚደረግ ክርክር ማለቂያ የለውምና። ዩቲዩብ ለደንበኞቹ ባሳወቀው መሠረት 480 በሚባለው ጥራት ለማየት 1.1 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ይበቃል፤ ለ720 ጥራት 2.5፥ ለ1080 ጥራት 5፥ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋ ቢት ያስፈልጋል። ኔትፍሊክስም ለ1080 ጥራት 5፥ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት ይላል። ስለዚህ በቤቱ 10 ሜጋ የሚባለውን አገልግሎት ያስገባ ሰው በ1080 ጥራት አንድ ፊልም ሊያይ ይገባዋል፤ 4ኬ ቢጠይቅ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የአገልግሎቱ ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፤ የፋይል ክብደት የሚነገረው ግን በባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋ ደንበኛ ፋይል ሲያወርድ በሴኮንድ 1.25 ሜጋ ባይት ቢያይ ተታለልሁ ብሎ መቆጣት የለበትም። እንዲሁም በ5 ሜጋ ቢት የሚሄድ ፊልም በአንድ ሰዓት 18,000 ሜጋ ቢት፥ ማለትም 2,250 ሜጋ ባይት ይፈጃል። በስልኩ የአንድ ጊጋ ጥቅል ገዝቶ ለቴሌቪዥኑ የሚያካፍል ተማሪ በዚህ ጥራት ከ27 ደቂቃ በላይ ሊያይ አይችልም። ፊልሙ መካከል ላይ ሲቆምበት ኔትወርኩን ከመውቀሱ በፊት ቀሪ ሂሳቡን ቢጠይቅ ይሻላል።

ይህን ሁሉ እንድንጽፍ ያነሣሣን በአንድ ወዳጃችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ወዳጃችን ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ያልሞላው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በቤቱ ፊልም እየቆመ ስላስቸገረው መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ጥቅል ከፍ አደረገ፤ ለውጥ አላየም። ቀጥሎ ዕቁብ ሲደርሰው ያለውን ቴሌቪዥን ለዘመድ ሰጥቶ አዲስና ትልቅ ገዛ። በመጀመሪያው ማታ ያቺው ክብ በአዲሱ መስተዋት ላይ ከቀድሞው የበለጠች ሆና ዞረች። ወላጅ እናቱም «ልጄ፥ የድሮው ትንሽ ነበረች እኮ» አሉት ብሎ እየሳቀ አጫወተን፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤቱ ሄደን ነበር። ራውተሩን ፈልገን ያገኘነው ሳሎኑ ጥግ ባለው ብፌ ውስጥ፥ ከብርጭቆዎቹ በስተኋላ፥ የብፌው በር ተዘግቶበት ነው። በላዩም አቧራ እንዳይነካው በማለት ዳንቴል ተደርቦበታል። ቴሌቪዥኑ ያለው ከግንቡ ወዲያ በሌላው ክፍል ነው። ላፕቶፕ አምጥተን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተን ፍጥነቱን ስንለካ ከ9 ሜጋ ቢት በላይ ሆነ። በቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመን በዋይፋይ ስንለካ ግን ከ2 በታች ወረደ። እንግዲህ ወንዙ ሙሉ ሆኖ ከደጅ ደርሷል፤ የደረቀው በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ነው። ራውተሩን ከብፌው አውጥተን በኮሪደሩ ላይ ከፍ ባለ መደርደሪያ አስቀመጥነው፤ ፊልሙም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ። የዚህ ሥራ ዋጋ የአንድ ምስማር ዋጋ ብቻ ነበር። ወዳጃችን ወራት ሙሉ አገልግሎት ሰጪውን ሲረግም ኖሯል፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት በእርሱ ላይ ደረሰ። እኛም ብንሆን ከዚያ ቀን በፊት ራውተራችንን በቴሌቪዥኑ ጀርባ ደብቀን እንደ ነበር ሳንናዘዝ አናልፍም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሥርዓት በጥቂት ደረጃዎች የሚፈጸም ነው። በመጀመሪያ አንድ ፊልም ብቻ ነው የሚቆመው ወይስ ሁሉም? ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንዱ መተግበሪያ እየሠራ ሌላው ቢቆም ጥፋቱ የቤቱ መስመር ላይሆን ይችላል። ትልልቆቹ የፊልም ድርጅቶች ብዙ ሰው የሚያየውን ሥራ ለየአገሩ ቅርብ በሆነ ስፍራ ቅጂውን ያስቀምጣሉ፤ አንድ ተማሪ የሚከታተለው የአንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ግን ከባሕር ማዶ ድረስ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ቤት፥ በአንድ ሰዓት፥ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ሊዘገይ የሚችለው ስለዚህ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ በዚያው ቦታ ሌላ መሣሪያ መሞከር ነው። ስልክ በቴሌቪዥኑ አጠገብ ተይዞ ያንኑ ፊልም በዚያው ዋይፋይና በዚያው ጥራት ያለ ችግር ካሳየ፥ ጥርጣሬው ወደ ቴሌቪዥኑ ያዘነብላል። ቴሌቪዥንም ዛሬ ኮምፒዩተር ሆኗል፤ ማስታወሻው ሲሞላ፥ መተግበሪያው ሳይታደስ ሲቀር ይደክማል። የማንጠቀምባቸውን መተግበሪያዎች ማጥፋት፥ በጊዜያዊነት የተከማቸውን ማጽዳት፥ ማደሻውን መቀበል ያስፈልጋል። በሪሞት ማጥፋት ብዙ ጊዜ ማስተኛት እንጂ ማጥፋት ስላልሆነ ሶኬቱን ነቅሎ አንድ ደቂቃ ቆይቶ መመለስ ይበጃል።

በሦስተኛ ደረጃ በገመድ መለካት ነው። ራውተሩ ላይ በገመድ የሚለካው ፍጥነት ደኅና ሆኖ በዋይፋይ የሚለካው ካነሰ ጥፋቱ በቤት ውስጥ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው። የዋይፋይ ሞገድ በወፍራም ኮንክሪት ውስጥ ሲያልፍ ይደክማል፤ ብረትና ትልቅ መስተዋትም ይመልሱታል። ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳን ዐልፎ ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን መንገዱ የተጨናነቀ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ስልኩን ቢከፍት የጎረቤቶቹን ዋይፋይ ስም ተደርድሮ ያያል፤ እነዚያ ሁሉ የሚሻሙት ሳይደራረቡ ሊሠሩ የሚችሉ ሦስት መሥመሮችን፥ 1፥ 6 እና 11 የተባሉትን ነው። የማድቤቱ ማይክሮዌቭም በዚያው ሞገድ አካባቢ ይሠራል። ባለ 5 ጊጋ ኸርዝ የሆነው ደግሞ ፈጣንና ሰፊ ነው፥ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ከሆነ ባለ 5ን መምረጥ፥ ርቆ ከሆነ ባለ 2.4ን መሞከር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሚቻልበት ቤት የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ነው። የብዙ ቴሌቪዥኖች የገመድ መግቢያ 100 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል፤ ለ4ኬም 20 የሚበቃ በመሆኑ ይተርፈዋል።

በዚሁ ደረጃ ሳለን ከእኛ ሌላ ማን እየቀዳ እንደ ሆነ እንመልከት። የይለፍ ቃሉ ከሁለት ዓመት በፊት ለጎረቤት ልጅ ተሰጥቶ፥ እርሱም ለጓደኞቹ አቀብሎት ይሆናል። ወይም ደግሞ የራሳችን ስልክ ከሠርግ የመጡትን ፎቶግራፎች ሁሉ ሳናውቀው ወደ ማኅደሩ እየላከ ይሆናል። የመላኪያው መንገድ በብዙ ቤት ከመቀበያው የጠበበ ነው፤ መላኪያው ሲታፈን ቴሌቪዥኑ የሚቀጥለውን ቁራጭ ለመጥራት የሚልከው መልእክት ወረፋ ይይዛል፤ ፊልሙም ይቆማል። ሌሎቹን መሣሪያዎች ለዐሥር ደቂቃ አጥፍቶ መለካት ይህን ይገልጣል።

በአራተኛ ደረጃ የሰዓቱን ነገር መመዝገብ ነው። በገመድ የሚለካው ራሱ ካነሰ ጠዋት፥ ማታ 2 ሰዓት ላይና ሌሊት ለሦስት ቀን ያህል እየለኩ መጻፍ ይገባል። ሌሊት ደኅና ሆኖ ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚቀዳ ነው። ቀንም ሌሊትም እኩል ካነሰ መስመሩን መጠርጠር ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መስመር በክረምት መጋጠሚያው ውሃ ሲገባው ይታመማል፤ ከማዕከሉም በራቀ መጠን ይደክማል። የፋይበር መስመር ከሆነ በመቀበያው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ እንዳልደረሰ ምልክት ነው፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ምንም ቢደረግ አይረዳም።

ከዚያም ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ዓለም የሚወስደው መስመር በጎረቤት አገሮች፥ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉት በኩል ዐልፎ ከባሕር ውስጥ ገመዶች ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ከተዘረጉት ገመዶች አንዳንዶቹ ተበጥሰው በእስያ፥ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የሚያልፈው መልእክት መንገድ ለመለወጥ ተገዶ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ በከተተ ጊዜ፥ መስመሩ እንዳይጨናነቅ በማለት ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ በአውሮፓ የሥዕላቸውን ጥራት ዝቅ ማድረጋቸው ይታወሳል። ይህም የሚያሳየው መዘግየት በሀብታሙም አገር እንደሚገኝ፥ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ከእኛም ከአገልግሎት ሰጪያችንም እጅ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ነው።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ገንዘብ የምንከፍለው እኛ ሆነን ሳለ መርማሪ የምንሆነው ለምንድን ነው? ይህስ አገልግሎት ሰጪውን ነጻ ማውጣት አይሆንም ወይ?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገልግሎት ሰጪ ድርጅት የሸጠውን ፍጥነት የማድረስ ግዴታ አለበት፤ ደንበኛው መረመረ ተብሎ ይህ ግዴታ አይቀልም። እንዲያውም ይጸናል። ስልክ ደውሎ «ኔትወርኩ አስቸግሮናል» የሚል ሰው «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ተብሎ ይሰናበታል። «በገመድ ለክቼ፥ ሌላ መሣሪያ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ፥ ለሦስት ቀን በእነዚህ ሰዓቶች ይህን ያህል አገኘሁ፤ የገዛሁት ግን 10 ነው» የሚለውን ሰው ግን በቀላሉ ማሰናበት አይቻልም። ቁጥር የያዘ አቤቱታ የሚመልሰው ሰው ዘንድም ሥራ ያቃልላል፤ ባለሙያው ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ምሰሶው ይሄዳልና።

ነገራችንን ከመዝጋታችን በፊት ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነሥተን ወደ መሥሪያ ቤት እንሂድ። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ዛሬ ከመስኮቱ በስተውስጥ የተቀመጡ፥ የቀሩትም ነገ የሚቀመጡ ናቸው። ከመስኮቱ በስተውጭ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው፥ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፥ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው መጥተው ቆመዋል። ከውስጥ «አባቴ፥ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» የሚል ቃል ይሰማሉ። ሲስተም የለም ማለት ምን ማለት ነው? የዚያ አንድ ኮምፒዩተር ገመድ ወልቆ ነው? በቀጣዩ ክፍል ያለው ይሠራል? የሕንፃው መስመር ነው ወይስ ዋናው መሥሪያ ቤት? መቼ ተቋረጠ? ለማን ተነገረ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሽማግሌው ግን ተመልሰው ለመምጣት አንድ ቀንና የመሳፈሪያ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ነገም ያው ቃል ሊጠብቃቸው ይችላል።

«ኔትወርክ ነው» እና «ሲስተም የለም» የተባሉት ቃላት አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፤ ሁለቱም ጥያቄን የሚዘጉ እንጂ የሚመልሱ አይደሉም። ማንንም አይከሱም፥ ማንንም አያሠሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን ለመፈለግ ያልተነሣም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። ትምህርት ቤት ያስተማረን ፊዚክስና ሒሳብ ለፈተና ብቻ የተሰጠን ከሆነ ብዙ ዓመት በከንቱ ደክመናል። አንድን ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማየት፥ ያዩትን መጻፍ፥ ከጻፉት ተነሥቶ መናገር የሚባለው ልማድ ግን ከሳሎን እስከ ቢሮ አብሮን ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ያቺ ክብ መዞር ስትጀምር ማንንም ከመውቀስ በፊት እንነሣ። ራውተሩ የት እንዳለ እንይ፥ ዳንቴሉን እናንሣለት፥ በስልክ እንሞክር፥ በገመድ እንለካ፥ ሰዓቱንና ቁጥሩን በወረቀት እንጻፍ። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ በምስማር ይቃናል፤ የሌላ ከሆነም በእጃችን ማስረጃ ይኖራል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከመስኮታችን ፊት የሚቆመው ሰው ስለሚያገኘው መልስ ያንኑ ወረቀትና እርሳስ እንዳንረሳ አደራ እንላለን።